ዞረ ድምር፦ ሥራ ቦታ የሚደርሰው የትናንት ማታ መጠጥ

የሒሳብ ሠራተኞች «ዞረ ድምር» የሚሉት ነገር አለ። የመዝገቡ አንድ ገጽ ሲሞላ ከግርጌው ያለው ድምር ወደ ቀጣዩ ገጽ አናት ይዞራል። አዲሱ ገጽ ከዜሮ አይጀምርም፤ የፊተኛውን ተሸክሞ ይጀምራል። የከተማ ልጆች ይህን ቃል ወስደው፣ ሲጠጣ ያመሸ ሰው ጠዋት ላይ ለሚሰማው ስሜት ስም አደረጉት። ራስ ምታቱ፣ የአፍ መድረቁ፣ የሆድ መረበሹ፣ ድምፅ መጥላቱ ሁሉ በዚያ ቃል ተጠቃለለ። በጣም ትክክለኛ ስም ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናየዋለን።

ቢሮ የሠራ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት ወይም በደመወዝ ማግሥት አንዱ ባልደረባ ዓይኑ ቀልቶ ይገባል። «ዞሮብኛል» ይላል። ሌላው ይስቃል። አንዷ ቡና ታዝለታለች። ፋይሉ ተከፍቶ ይቀመጣል እንጂ አይነበብም። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ማንም ከባድ ነገር አይጠይቀውም። ከምሳ በኋላ ሰው ይሆናል። እኔም ለዓመታት አብሬ ስቄያለሁ። የማስታውሰው ሰው ሰካራም አልነበረም። ጎበዝ ሠራተኛ፣ ልጆቹን በሥርዓት የሚያሳድግ፣ ከሥራ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነበር። የሥራ ቦታ ጤና ተመራማሪዎች በትኩረት የሚያጠኑት እሱን መሰል ሰው መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ስለ ሠራተኛና ስለ መጠጥ ሲነሳ አእምሯችን ቶሎ የሚስለው ሌላ ሰው ነው። መሳቢያው ውስጥ ጠርሙስ የደበቀ፣ እየተንገዳገደ የሚገባ፣ በመጨረሻም የሚባረር ሰው። እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ሕመሙም ከባድ ነው። ግን ጥናቶቹን ስናነብ በሥራ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በብዛት የሚመጣው ከእሱ አይደለም። ከተራው ጠጪ ነው። ከተራው ጠጪም ይበልጥ የሚያሳስበው የማግሥቱ ጠዋት ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ፍሮን እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ከ2,800 በላይ ተቀጣሪዎችን በስልክ አነጋገረ። ናሙናው የአገሪቱን የሥራ ኃይል እንዲወክል ተደርጎ የተመረጠ ነበር። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ። ባለፉት 12 ወራት ወደ ሥራ ከመግባትህ በፊት ጠጥተህ ታውቃለህ? በሥራ ቀን መካከል፣ በምሳ ሰዓትም ቢሆን? መጠጥ አናትህ ላይ እያለ ሠርተሃል? ዞሮብህ ሠርተሃል?

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። ከሥራ በፊት የጠጡት 1.8 በመቶ ናቸው። በሥራ ቀን መካከል የጠጡት 7.1 በመቶ። በመጠጥ ተጽዕኖ ሥር ሆነው የሠሩት 1.7 በመቶ። ዞሮባቸው የሠሩት ደግሞ 9.2 በመቶ። ከአራቱ ቢያንስ አንዱን ያደረጉት ሲደመሩ 15.3 በመቶ ሆኑ። በሰው ሲሰላ 19.2 ሚሊዮን ገደማ ሠራተኛ ማለት ነው።

እስኪ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። መጠጥ አናቱ ላይ እያለ ከሠራው አንድ ሰው ጎን፣ ዞሮባቸው የሠሩ ከአምስት በላይ ሰዎች አሉ። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ደንብ ግን ሁልጊዜ ስለ አንደኛው ነው። «ጠጥቶ መምጣት ክልክል ነው» ይላል። ስለ አምስቱ ምንም አይልም። ሊልም አይችልም፤ ምክንያቱም ማታ የጠጡት በራሳቸው ሰዓትና በራሳቸው ገንዘብ ነው።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ቶማስ ማንጂዮኒና ባልደረቦቹ ያወጡት ሌላ ጥናት አለ። በ16 የሥራ ቦታዎች ከ6,500 በላይ ሠራተኞችን ጠይቀዋል። ሥራ ላይ ማርፈድ፣ መቅረት፣ ከሚችሉት በታች መሥራት፣ ከባልደረባ ጋር መጋጨት የመሳሰሉትን ለኩ። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ብዙ የሚጠጣው ሰው ብዙ ችግር አለበት፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጠቅላላ ድምሩ ሲሠራ ግን ታሪኩ ተገለበጠ። ትልቁ የችግር ድርሻ የመጣው ከቀላልና ከመካከለኛ ጠጪዎች ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እነሱ በቁጥር እጅግ ይበዛሉ። እንግሊዛዊው የሕዝብ ጤና ሊቅ ጄፍሪ ሮዝ ይህንን ተቃርኖ ከዚያ በፊት በልብ በሽታ ላይ አይቶት ነበር። ብዙ ሰዎች የሚሸከሙት ትንሽ አደጋ፣ ጥቂት ሰዎች ከሚሸከሙት ትልቅ አደጋ የበለጠ ሕመም ያመጣል።

እነዚህ የአሜሪካ ቁጥሮች ናቸው። አንስተን አዲስ አበባ ላይ ወይም ሐዋሳ ላይ ልንለጥፋቸው አንችልም። የሚጠቅመን አካሄዱ ነው። ሰካራሙን ፈልጎ ማውጣት ላይ ብቻ የተመሠረተ ፖሊሲ የችግሩን ትንሽ ክፍል ይዞ ትልቁን ይለቅቃል።

በደም ውስጥ ያለው ሒሳብ

አሁን ወደ ዞረ ድምሩ እንመለስ። ሒሳቡን በእጃችን እንሥራው።

አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ጠርሙስ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጉበት በሰዓት በአማካይ 7 ግራም ገደማ ያቃጥላል። ከሰው ሰው ይለያያል። የሴቶች የሰውነት ውኃ መጠን አነስተኛ ስለሆነ ያው መጠን ደማቸው ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። ግን ለአማካይ ሒሳብ 7 ግራም ይበቃናል። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ የጠዋት ጥብስ፣ የሚጥሚጣ ሾርባ፣ አንዳቸውም ይህንን ፍጥነት አይጨምሩትም። ሰውየውን ያነቁታል እንጂ አልኮሉን ከደሙ አያወጡትም።

እንግዲህ አንድ ሰው የደመወዝ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ስምንት ቢራ ጠጣ እንበል። 104 ግራም ነው። ለ7 ሲካፈል 15 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 15 ሰዓት ስንጨምር ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እንደርሳለን። ቢሮ የሚገባው 2 ሰዓት ተኩል ነው። መኪና የሚነዳው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነው። ተኝቷል፣ ታጥቧል፣ ልብሱን ቀይሯል፣ «ጠጥቼ አልመጣሁም» ሲልም እውነቱን ነው። ደሙ ውስጥ ግን አልኮል አለ። የትናንቱ ገጽ ድምር ወደ ዛሬው ገጽ ዞሯል።

ይህ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ አልኮሉ ካለቀ በኋላም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ ትንሽ ግን አስደንጋጭ ጥናት አለ። አሥር የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች በቁጥጥር ሥር እንዲጠጡ ተደረገ። ከ14 ሰዓት በኋላ የበረራ ማስመሰያ ክፍል ውስጥ ገቡ። አልኮሉ ከደማቸው ወጥቷል። ቢሆንም አበራረራቸው ሳይጠጡ ከበረሩበት ጊዜ የከፋ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ አንድ አብራሪ ከጠጣ በኋላ ሳይበር ቢያንስ 8 ሰዓት እንዲቆይ ነው የሚጠይቀው። አሥር ሰው ትንሽ ናሙና ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ አቅጣጫው ተመሳሳይ ሆነ። ትኩረት ይቀንሳል። ማስታወስ ይከብዳል። መኪና የመንዳት ችሎታ ይወርዳል። ይህ ሁሉ አልኮሉ ከደም ሊጠፋ በተቃረበበት ሰዓት ነው።

ቢሮ ውስጥ ከሆነ አንድ ደብዳቤ ይሳሳታል፣ ነገ ይታረማል። የቀን ሠራተኛው አራተኛ ፎቅ ላይ የእንጨት መወጣጫ ላይ ሲቆም ግን ማረሚያ የለም። የሌሊት ተረኛ ነርስ የመድኃኒት መጠን ስትቀዳ፣ የአይሱዙ ሾፌር ከዓባይ በረሃ ዳገት ቁልቁል ሲወርድ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ እጁን ከማሽኑ ጥርስ አጠገብ ሲያሳልፍ፣ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ሙሉ ሕይወት ያስከፍላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የቢሮው ሰው ሳይሆን እነዚህ ናቸው።

ሥራው ራሱ ሲያጠጣ

እስካሁን የተናገርኩት ሠራተኛው መጠጡን ይዞ ወደ ሥራ እንደሚመጣ አድርጎ ነው። በተገላቢጦሽም ይሆናል። ሥራውም ሰውን ወደ መጠጥ ይወስዳል።

በዚህ ጉዳይ ከባዱ የአፍሪካ ታሪክ የደቡብ አፍሪካ ነው። በኬፕ አካባቢ የወይን እርሻዎች ባለቤቶች ለሠራተኞቻቸው ከደመወዛቸው በከፊል ርካሽ ወይን ጠጅ ይሰጡ ነበር። «ዶፕ» ይባላል። በቀን ብዙ ጊዜ ይታደላል። ሠራተኛው ጥገኛ ይሆናል፣ እርሻውን ጥሎ አይሄድም፣ ደመወዝ አይጠይቅም። አሠራሩ በሕግ ከተከለከለ በኋላም በየቦታው ለአሥርት ዓመታት ቀጥሏል። ዛሬ ዌስተርን ኬፕ በእርግዝና ወቅት ከሚጠጣ አልኮል የተነሳ ተጎድተው የሚወለዱ ሕፃናት በዓለም እጅግ ከሚበዙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን የሥራ ውል ዕዳ እየከፈሉ ነው።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የእኛ ደቦ ሌላ ነው። ጠላው የጎረቤት ጉልበት ምስጋና ነው፤ የሠራውም ነገ በተራው ያሠራል። ግን መጠጥና ሥራ በእኛም ዘንድ አብረው ኖረዋል። ወደ ከተማ ሲመጣ መልኩ ተቀየረ። አሁን አለቃው ዓርብ ማታ «ስታፉ እንውጣ» ይላል። ድራፍት ይታዘዛል። ሹመት፣ ዝውውር፣ የውጭ ሥልጠና የሚወራው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። የማይጠጣው፣ ቤቱ ሕፃን ልጅ ያለባት እናት፣ በእምነቱ ምክንያት የማይገባው ሁሉ ወሬው ያመልጠዋል። እዚያ የሚገኘው ደግሞ ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ሳይጠየቅ ይሞላለታል። ማንም ጠጣ ብሎ አያስገድድም። ማስገደድም አያስፈልግም።

ከዚህ ሌላ የሰዓቱ ጉዳይ አለ። ማሪያና ቪርታነን የተባለች ፊንላንዳዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ትልቅ ጥናት አወጡ። ከ14 አገሮች የመጡ ከ333,000 በላይ ሰዎችን መረጃ ሰበሰቡ። ከ100,000 የሚበልጡ ሰዎችን ደግሞ በጊዜ ሂደት ተከታትለዋቸዋል። በሳምንት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ ከ49 እስከ 54 ሰዓት የሚሠሩት ወደ ጎጂ የአጠጣጥ ልማድ የመግባት ዕድላቸው በ13 በመቶ ጨመረ። 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩት ላይ ጭማሪው 12 በመቶ ነበር። ወንድ ሴት አልለየም።

12 በመቶ ለአንድ ሰው ትንሽ ነው። ግን የሮዝን ነገር አስታውሱ። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ይፈቅዳል። የትርፍ ሰዓት ደግሞ በሳምንት እስከ 12 ይፈቅዳል። ሲደመር 60 ነው። ማለትም ሕጉን አክብሮ የሚሠራ ፋብሪካ ሠራተኛ ጥናቱ አደጋ ነው ካለው መስመር አልፎ ሊሄድ ይችላል። መንገዱ ሲጨመርበትስ? ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ተሰልፎ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤቱ ለሚደርስ ሰው፣ ሰፈሩ ጥግ ያለች አረቄ ቤት የቀኑ ብቸኛ የራሱ ጊዜ ናት። ይህን ሰው «አትጠጣ» ከማለት በፊት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የረጅም ርቀት ሾፌሮች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። ቀኑን ሙሉና ሌሊቱን ለመንዳት ጫት ይቅማል። ጫቱ እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ለማግኘት ደግሞ ማታ ይጨበሳል። «ጨብሲ» የሚባለው ይህ ነው፤ የጫቱን ምርቃና በመጠጥ መስበር። ጠዋት ደግሞ ዞረ ድምሩን ለማባረር እንደገና ጫት። ይህ ሰው በሱስ የተያዘ ደካማ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን ክቡ የሚጀምረው ከጭነቱ ቀጠሮ ነው። ጅቡቲ ደርሶ መመለሻው ቀን ከተቆረጠለት፣ መንቂያና ማስተኛ ነገር ይፈልጋል።

ስለ አስተናጋጆች ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ደንበኛ «አብረሽኝ ጠጪ» ሲላት እምቢ ማለት የማትችል፣ ገቢዋ በጉርሻ የተንጠለጠለ ወጣት ሴት የምትጠጣው በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታ፣ ለሥራ ብላ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሞት መዝገብ በሙያ ሲተነተን፣ በአልኮል ምክንያት የሚሞቱ ሰዎች ድርሻ ከፍ ብሎ ከተገኘባቸው ሙያዎች ዋነኞቹ የመጠጥ ቤት ባለቤቶችና አስተናጋጆች ነበሩ። በእኛ አገር እነሱን እንደ ሠራተኛ የሚያይ ራሱ ጥቂት ነው።

መለካቱ ለምን ይከብዳል

እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ ኢትዮጵያ የተካሄደው የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ 40.7 በመቶ የሚሆኑ አዋቂዎች በወቅቱ ጠጪ እንደነበሩ አሳይቷል። 12.4 በመቶ ያህሉ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ የሚጠጡ ነበሩ። ይህ ጥሩ መነሻ ነው። የሥራ ቦታን ለብቻው ለማየት ግን ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ብዙ ተመራማሪ የሚጠቀመው በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀውን «ኦዲት» የተባለ መጠይቅ ነው። አሥር ጥያቄ አለው። ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ነው። 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ አደገኛ ነው ይባላል።

መጠይቁ «ስንት መጠጥ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ መጠጥ ማለት ምን ማለት ነው? በጠርሙስ ቢራ ቀላል ነው። የጠላ ጣሳስ? የጠጅ ብርሌስ? ብርሌው ከቤት ቤት ይለያያል። ጠጁም የአንዱ ቤት ለስላሳ፣ የሌላው ቤት ሰው የሚጥል ነው። አረቄ በመለኪያ ይሸጣል፤ ጥንካሬውን የምታውቀው ያወጣችው ሴት ብቻ ናት። «ሁለት ብርጭቆ» ያለው የቀን ሠራተኛና «ሁለት ብርጭቆ» ያለው የባንክ ሠራተኛ ወረቀቱ ላይ እኩል ይሆናሉ። በደማቸው ውስጥ ግን እኩል አይደሉም።

ጊዜውም አለ። «ባለፉት 30 ቀናት ጠጥተዋል?» የሚለው ጥያቄ በሁዳዴ ሲጠየቅና በፋሲካ ሳምንት ሲጠየቅ አንድ ዓይነት መልስ አያመጣም። ጾሙን ከመጠጥም የሚጾም ብዙ ሰው አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጠያቂው ማንነት ነው። መጠይቁን የሰው ኃይል ክፍል ካከፋፈለው፣ ወይም ሠራተኛው አለቃዬ ያየዋል ብሎ ከጠረጠረ፣ ውጤቱ የፍርሃት መለኪያ ይሆናል እንጂ የመጠጥ አይሆንም። ናሙናው ራሱም ጎዶሎ ነው። በመጠጥ የተነሳ ከሥራ የወጣው ሰው ሥራ ቦታ ላይ ስለማይገኝ አይጠየቅም። በጣም የተጎዳው ሰው ከቁጥሩ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። በአውሮፓ ጥናቶች ጨርሶ የማይጠጡ ሠራተኞች በልክ ከሚጠጡት ይልቅ በሕመም ከሥራ ሲቀሩ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በፊንላንድ ሠራተኞች ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት ይህንኑ አግኝቷል። ብዙ የሚጠጡት ደግሞ በጉዳትና በመመረዝ ምክንያት ይበልጥ ይቀራሉ። ይህን አንብቦ «ትንሽ መጠጣት ያጠነክራል ማለት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ሌላ ነው። መጠጥ ባህል በሆነበት አገር የማይጠጣው ሰው ብዙ ጊዜ ታሞ ያቆመ፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ቀድሞ ተጎድቶ የተወ ሰው ነው። በእኛ አገር ግን የማይጠጣው ሰው ብዙውን ጊዜ በእምነቱ ወይም በቤተሰቡ ልማድ የማይጠጣ ጤነኛ ሰው ነው። ስለዚህ የእነሱ ግራፍ እኛ ጋ ላይሠራ ይችላል። እንዲያውም ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ ለመፍታት ከአውሮፓ የተሻለ ቦታ ናት ብዬ አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገለጸው ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የመጠጥ መጠን የለም።

ሕጉ የሚያውቀው ሰካራሙን ነው

አሁን ወደ ሕጋችን። አዋጅ 1156 በአንቀጽ 14 ሠራተኛ ሰክሮ ሥራ ላይ እንዳይገኝ ይከለክላል። እንደ ጥፋቱ ክብደት ያለ ማስጠንቀቂያ እስከ መሰናበት ሊያደርስ ይችላል። ይህ ተገቢ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም ልማዳዊ ስካርን ከከባድ የዲሲፕሊን ጥፋቶች ተርታ አስቀምጦት ነበር።

ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው ግን አንቀጽ 96 ነው። ሠራተኛው ሰውነቱን መቆጣጠር ወይም ማስተዋል እስኪያቅተው ሰክሮ መጥቶ ከተጎዳ፣ ጉዳቱን ሆን ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰ ይቆጠራል። አሠሪው ተጠያቂ አይሆንም። ካሳ የለም ማለት ነው። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ሰው፣ ትንፋሹ ይሸታል ከተባለ፣ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። አስቡት፤ መለኪያ መሣሪያ በሌለበት፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት የሚጽፈው ፎርማኑ በሆነበት ሁኔታ። መወጣጫው መደገፊያ ነበረው? የደህንነት ቀበቶ ተሰጥቶት ነበር? ስንተኛ ሰዓቱ ነበር? «ጠጥቶ ነበር» የሚለው ቃል እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ ሊውጣቸው ይችላል።

ያው አዋጅ ሌላ በር አለው። የታመመ ሠራተኛ በዓመት እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይገባዋል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ደመወዝ። የአልኮል ጥገኝነት በሕክምናው ዓለም የታወቀ ሕመም ነው። ታዲያ ሰውየው በዚህ በር መግባት ይችላል? በወረቀት ላይ የሚከለክለው የለም። በተግባር ግን «የመጠጥ ሕመም አለብኝ» ብሎ የሚያመለክት ሰው በአንቀጽ 14 ራሱን የከሰሰ ይመስለዋል። በሁለቱ አንቀጾች መካከል ድልድይ አልተሠራም።

ድልድዩ ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ባወጣው የአሠራር መመሪያ የመጠጥ ችግር እንደማንኛውም የጤና ችግር እንዲታይ፣ ምሥጢር እንዲጠበቅ፣ ራሱ መጥቶ እርዳታ የጠየቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይመክራል። ፖሊሲውን አሠሪና ሠራተኛ አብረው ይጻፉት ይላል። በአሜሪካ እንደ ዱፖንና ኮዳክ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው የጀመሩት። ከጊዜ በኋላ የተማሩት ነገር አለቃ ሐኪም እንዳይሆን ነው። አለቃው «ሰክረሃል» አይልም። «በዚህ ወር አራት ቀን አርፍደሃል፣ ሁለት ሥራ አበላሽተሃል፣ የሚረዳህ ሰው እዚህ አለ» ይላል። ስለ ሥራው ይናገራል፤ ስለ ሕመሙ የሚያወራው ባለሙያው ነው።

በአሜሪካ ትልልቅ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ሥርዓት በአካል ያውቁታል። በድንገት ለምርመራ ይጠራሉ። በደም ሲሰላ የአልኮሉ መጠን 0.04 በመቶ ከደረሰ ወዲያው ከመንዳት ይታገዳሉ። ግን በዚያ አያበቃም። የሱስ ባለሙያ ያያቸዋል፣ ሕክምና ወይም ትምህርት ያዝላቸዋል፣ ጨርሰው ንጹሕ ከሆኑ ወደ መሪው መመለስ ይችላሉ፤ ከዚያ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 6 ጊዜ በድንገት ይመረመራሉ። ኩባንያው መልሶ የመቅጠር ግዴታ የለበትም፤ ይህ ጉድለቱ ነው። ቢሆንም መንገዱ ተስሏል።

ምርመራ ብቻውን ይበቃል ወይ? ኮክሬን የተባለው ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 በሾፌሮች ላይ የሚደረገውን ምርመራ ሲመዝን፣ መስፈርቱን ያሟሉ ሁለት ጥናቶች ብቻ አገኘ። የአልኮል ምርመራ ሲጀመር ጉዳት ወዲያው ቀንሷል። የረጅም ጊዜው አቅጣጫ ላይ ግን ግልጽ ለውጥ አላሳየም። ለአውቶቡስና ለጭነት ሾፌሮች ምርመራው እንዲኖር እኔም እደግፋለሁ። ለቢሮ ሠራተኛ ግን ገንዘቡ ለምክር አገልግሎት ቢውል ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም፤ ሕይወት ያጠፋልና። ለብዙ ዓመት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምስ፣ አለዚያ ትባረራለህ» ተብሎ በአንድ ቀን ሊያቆም አይገባም። መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል ሕመም፣ መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ማቆሙ በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ ይታወቃል። ጸበል የሚሄድም ቢሆን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ የማውቀው ሰው በመጨረሻ ሄዶ ታየ። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት እረፍት ያስፈልገዋል አለ። ሰውየው ወረቀቱን ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ለመነ፦ «ዶክተር፣ እባክዎ የሕመሙን ስም አይጻፉብኝ።» ሐኪሙ ለአፍታ አየውና «የጨጓራ ሕመም» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄደ፤ ፋይል ውስጥ ገባ። በዚያ ዓመት መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹ በምን ምክንያት እንደቀሩ ሲቆጥር፣ በጨጓራ የቀሩት ቁጥር በአንድ ጨመረ። በመጠጥ የቀረ አንድም ሰው አልነበረም።